ቶሎ ና፣ በዝግታ

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ለቅርብም ለሩቅም፣ ለወዳጅም ለጠላትም ይሰማ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ለዓመታት በቅንነትና በታማኝነት ያገለገለኝ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሴ፣ የዳቦ ቅርፊት ሲነክስ ለሁለት ተሰብሮ ከአገልግሎት ተሰናብቷል። ሟቹ ከለውዝ እስከ ሐሜት ያላኘከው ነገር አልነበረም። የታችኛው ባልደረባው በከባድ ሐዘን ላይ ይገኛል። ቤተሰቡ አበባ አይቀበልም፤ ሾርባ ግን ይቀበላል።

ይህን አዋጅ ለእሜቴ ባነብላት አልሳቀችም። እሜቴ የልጅ ልጄ ናት። ገና በአራት ዓመቷ ሰው ማዘዝ ስለጀመረች ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች፤ የሰው ዓይን ትለካለች። እናቷ፣ ልጄ፣ «አባባን ጠብቂልኝ» ብላ እኔ ዘንድ እንድትኖር አድርጋለች። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ድስቱ ይመስክር።

«ሐኪሙ ጋ ትወስጂኛለሽ» አልኳት።

«መንገዱን ታውቀዋለህ፣ አባባ።»

«ጥርስ የሌለው ሰው ብቻውን አይሄድም። ባለታክሲው ወዴት ቢለኝ በምን እመልስለታለሁ?»

«አሁን ከኔ ጋር በምንድነው የምታወራው?»

«በድድ።»

ልትስቅ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ሥራዋ ሄደች። ከሐኪሙ ጋር መኳረፋቸውን ያላወቅሁ መስሏታል። ድሮ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ትንሾካሾክ ነበር። አሁን በረንዳው ላይ የሚቆመው የልብስ ማስጫው ብቻ ነው።

ሰኔ 6፣ ረቡዕ

መጣች! እያጉረመረመች፣ ግን መጣች።

ሐኪሙን ልግለጸው። ረጅም ነው፤ ሲያጎነብስብኝ እንደ መንገድ መብራት ነው። እጁ ለስላሳ፣ ሥራው ንጹሕ። አንድ ጉድ ብቻ አለበት፤ ይዘፍናል። የሚዘፍነውም ሌላው ሰው ሬዲዮ ላይ ሲመጣበት ጣቢያ የሚቀይርበትን ነው፤ ሆዴ፣ ማሬ፣ ጨረቃዬ፣ ሞትኩልሽ። መሰርሰሪያው ሲጮህ እሱ ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በሽተኛው አፉን ከፍቶ ስለሚቀመጥ የሚቃወመው የለም።

«አባባ፣ በደንብ ይክፈቱ። እንደሱ። ደህና ናት?»

አፌ እስከ ጉሮሮዬ በሮዝ ሊጥ ተሞልቷል፤ የድዴን ልክ የሚወስድበት ነው።

«አአ» አልኩ።

«ትበላለች?»

«አአአ።»

«ስለኔ አንስታ ታውቃለች?»

ሊጡ እስኪደርቅ ዝም አልኩ። ጥርስ አለመኖር ለካ ጥቅም አለው።

ስወጣ እሜቴ መጠበቂያው ክፍል ቆማ ስለ ድድ በሽታ የተለጠፈውን ወረቀት ለፈተና እንደምትዘጋጅ ተማሪ ታነባለች። ሐኪሙ ከኋላዬ ብቅ አለ።

«ዝናብ አልነበረም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

በቃ። ታክሲ ውስጥ እየነዘነዝኩ አወጣሁት። ፊልም አብረው ገብተው ኖሯል፤ እናት ልጇ ጠፍቶባት መጨረሻ ላይ የምታገኘው ዓይነት፣ ሰው መሐረብ ይዞ የሚገባበት። ሐኪሙ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ ይህንን የነገረችኝ ወደ መስኮቱ ዞራ ነው። ሲወጡ በር ላይ ከጓደኛዋ ከአርክቴክቱ ጋር ግጥም። «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ሲላቸው እሜቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዝናብ ልንጠለል ገብተን ነው።» ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ጉንጩ ገና እንደረጠበ ከጎኗ ቆሟል።

«ታዲያ የረጠበው በዝናቡ ነው ማለት ነበረብሻ» አልኳት።

«አባባ፣ ቀልድ አይደለም።»

እኔስ መቼ ቀልድ ነው አልኩ።

ሰኔ 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ የእሜቴና የጓደኞቿ የዘፈንና የፊልም ክበብ ነበር። ሳሎኔ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። እኔ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹን ከመጋዘን አውጥቼ እወለውላለሁ፤ ሥራ ስለሌለኝ እንጂ ስለጓጓሁ አይደለም።

ሊቀ መንበሩ አርክቴክቱ ነው። «ጥልቀት የለውም» ማለት ስለሚወድ ጥልቁ ብዬዋለሁ። እሱ የሚወደው ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ግድግዳ ያያል፤ ግድግዳው መልሶ ያየዋል፤ ያልቃል። ሁለተኛዋ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ምንም ቢያሰሟት «ተራ ነው» ስለምትል ስሟ ተራነሽ ሆኗል። ሦስተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጥልቁ ያለውን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ስለሚያጸድቅ አዎንታ። አራተኛዋ እሜቴ፣ ጋባዧ። ሸክላ ማጫወቻው የእኔ ስለሆነ እኔም አጫዋች ተብዬ ጥግ ላይ እንድቀመጥ ተፈቅዶልኛል።

ሕግ አላቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ አንድ ሸክላ ወይም አንድ ፊልም ይዞ ይመጣል፤ ይፈረድበታል። ባለፈው አንዲት ነርስ መጥታ፣ ሰው ሙዝ ልጣጭ ላይ የሚንሸራተትበት አስቂኝ ፊልም አሳየቻቸው። እኔ ከወንበሬ እስክወድቅ ሳቅሁ። እነሱ ተያዩ። ከዚያ ወዲህ «ሥራ በዝቶባታል» ይሏታል። በዚያ ምሽት እሜቴም አብራ ከንፈሯን እንደ እነሱ ጠመም አድርጋ ነበር። ይህችው እሜቴ ገላዋን ስትታጠብ ውኃውን አብዝታ ከፍታ ሆዴ ማሬ የምትዘፍን ናት። ውኃው ይሸፍንልኛል ብላ። አይሸፍንም።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የኛ ሳሎን ዶሮዎች የተማሩ ናቸው።

ሰኔ 13

ጥርሱ ተገጠመ። ላላ። እንደገና መሄድ አለብን። አሳዛኝ ነው።

ሰኔ 15፣ ዓርብ

ትልቅ ወሬ። ሐኪሙ ሌላ ከተማ ሥራ ቀርቦለታል፤ ትልቅ ክሊኒክ፣ ከባሕሩ አጠገብ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ይህንን የነገረኝ ጥርሴን እያጠበበ ነው፤ የነገረው ግን በሩ ላይ ለቆመችው ነበር።

«እዚህ የሚይዘኝ ነገር ከሌለ ምን አደርጋለሁ፣ አባባ?» አለ።

እኔ አፌ ተይዟል። የሚያዘው ሁሉ እንዲህ በቀላሉ ቢያዝ።

እሜቴ፣ «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ቤት ና» አለችው። «ከጓደኞቼ ጋር ላስተዋውቅህ።» ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ፣ «አንድ ሸክላ ይዘህ ና፤ ግን ... አስብበት» አለችው። «ግን» ያለችውን እሱም ሰምቷል።

እኔ በኩሌ መከርኩት። «ማንም የማይገባውን አምጣ። አንተም የማይገባህ ቢሆን ይመረጣል።»

«የእናቴን ሸክላ ነው የማመጣው» አለኝ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ሱቋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሸክላ ነበረቻት፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል የምትረግጠው በዘፈኑ ልክ ነበር አለኝ።

«ዘፈኑ ምን ይላል?»

«ቶሎ ና፣ ቶሎ ና፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።»

አወቅሁት። በኔ ጎልማሳነት ያልተዘፈነበት ሠርግ አልነበረም። እንደሱ ያለ ጣፋጭ ነገር ለጥርስም አይሆን። ሌሊቱን ስለ ቅዳሜ ሳስብ ማደሬ ነው። እሱን ከሳቁበት ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ እሷ ... ብትከተለው እንኳ ምን አለ፣ አንድ ክፍል ይተርፈኛል፤ ሰዓቶቼንና መጠገኛ ዕቃዬን እዘረጋበታለሁ።

ሰኔ 23፣ ቅዳሜ፣ ማታ

መኝታዬን ትቼ ነው የምጽፈው፤ በእንቅልፍ እጦት እንዳይመስል፣ በደስታ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሐኪሙ ኮቱን ተኩሶ፣ ሸክላዋን በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። ጥልቁ ተቀብሎ አገላበጣት። መሐሏ ላይ ያለው ወረቀት ተልጦ ጽሑፉ ጠፍቷል። «ትንሽ ሸክላ» አለ፤ አገጩን ወደ ላይ አነሳ። እሱ አገጩን ሲያነሳ ፍርዱ ተጽፏል ማለት ነው። እሜቴ የሹራቧን ቁልፍ ታዞራለች፤ ሊበጠስ ነው።

አሁን ይህንን ላስረዳ። ትልልቆቹ ሸክላዎች ቀስ ብለው፣ ትንንሾቹ ፈጠን ብለው ነው የሚዞሩት። ማሽኑ ጎን አንዲት ማንሻ አለች፤ ወደ ቀኝ ሲገፏት ፍጥነት፣ ወደ ግራ ዝግታ። ዕድሜ ልኬን ሰዓት ጠጋኝ ነበርኩ፤ የሚቸኩለውን ማዘግየት፣ የሚዘገየውን ማፍጠን እንጀራዬ ነበር። እጄ ወደ ቀኝ መሄድ ነበረባት። ወደ ግራ ሄደች። እጄ ናት እንግዲህ፣ እኔ አይደለሁም።

መርፌው ዐረፈ።

ያቺ እንደ ወፍ የምትንጫጫ ዘፋኝ ሴትዮ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሽማግሌ ሆና ወጣች። «ቶ ... ሎ ... ና ... ቶ ... ሎ ... ና ... ሻዩ ... ቀዘቀዘ ...» ክራሩ እንደ ዛገ በር ያቃስታል። ከበሮው ቀብር የሚሸኝ ይመስላል።

ተራነሽ ገና በመጀመሪያው ስንኝ አፏን ከፈት አደረገች፤ ጥልቁን አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። ሲያልቅ ጥልቁ ዓይኑን እንደጨፈነ ተናገረ።

«ቶሎ እያለ አይቸኩልም። አስተዋላችሁ? ጥድፊያን በዝግታ ነው የሚያለቅሰው።»

አዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ ለአንገቱ ፈራሁለት።

«ተራ ... አይደለም» አለች ተራነሽ። በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

«ሻዩ ሻይ አይደለም» አለ ጥልቁ።

«ታዲያ ምንድነው?» አልኩት ከጥጌ።

«ዕድሜ ነው፣ አባባ።»

«የኔ ከሆነ ስኳር አንሶታል።»

ማንም አልሰማኝም። ሐኪሙ ግን ማሽኑን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ፤ የጥርስ ራጅ እንደሚያነብ ሰው። ዓይኔን ጠቀስኩት። አልጠቀሰኝም። ጥልቁ ተነስቶ ጨበጠው፤ «ይህን ድምፅ አንድ የግል ስብስብ ውስጥ የዛሬ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሰውየው ሕይወቱን በብቸኝነት ያሳለፈ ነው» አለው። ሰውየው! ሴትዮዋ ይህን ብትሰማ።

እሜቴም ዘፈኑ መዘግየቱን ታውቃለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሐኪሙን እጅ ያዘች፤ ሰው ፊት፣ ሁሉም እያየ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከደስታዬ የተነሳ ብርጭቆ ሰበርኩ።

ሰኔ 25

ቁርስ ላይ እያንጎራጎረች እንቁላል ጠበሰች። ስለ ማንሻዋ እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ዝም አይነቅዝም።

ሐኪሙ አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ነው።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ነገሩ እንደ እርሾ እየነፋ ነው። ትናንት ጥልቁ ሸክላዋን እየደጋገመ አስደምጦን አዲስ ሐሳብ አመጣ። በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሕዝብ ጠርቶ ንግግር ሊያደርግ ነው። ርዕሱ «ሻይ እና ሞት» ነው። ሐምሌ 28። ማሽኑንም እኔንም ይወስዳል።

«እርስዎ ባያጫውቱ ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር፣ አባባ» አለኝ።

«እሱስ ልክ ነህ» አልኩት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር ሰማሁት።

ሳቄን ለመዋጥ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሐኪሙ እዚያ ቆሞ የታጠበ ብርጭቆ እያደረቀ ነበር። አንድም ዘፈን አያንጎራጉርም። የታመመ መስሎኝ ግንባሩን ነካሁት።

ሐምሌ 5

ዝም ያለ ጥርስ ሐኪም ያስፈራል። መሰርሰሪያው ብቻውን ይጮሃል።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ውኃ ልጠጣ ተነስቼ በኮሪደሩ ሳልፍ ነው የሰማሁት። ሽማግሌ ውኃ ይጠማዋል፤ ኩሽናው ውስጥ ሰው ካለ የበለጠ ይጠማዋል።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» ይላል ሐኪሙ።

«አሁን እንዴት ይነገራል? ሰውየው ለንግግሩ ሃያ ገጽ ጽፏል።»

«ስለሱ ገጽ አይደለም የምጠይቅሽ። ያን ቀን እጄን ያዝሽኝ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ይዘሽኝ ታውቂያለሽ?»

የቧንቧው ውኃ ተከፈተ።

«ዘፈኑ ሲዘገይ ነው የወደድሽኝ።»

«እንደሱ አትበል።»

«እንግዲያው በትክክለኛው ፍጥነት ያዢኝ።»

ቀጥሎ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ለክሊኒኩ እሺ ብሎ መጻፉንም ነገራት። አውቶቡሱ የሐምሌ 28 ማታ ነው። የእናቱን ሸክላ ንግግሩ ሲያልቅ ከአዳራሹ መጥቶ ይወስዳል፤ ያለ ሸክላዋ አይሄድም። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ።

«ውኃውን ጠጡ፣ አባባ?» አለኝ።

አልተናደደም፤ ያ ነው የከፋው። ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ አመሸ። ብርዱ ነው።

ሐምሌ 13፣ ዓርብ

ጥርሱ ዳግም ተሰበረ። ለሁለት። ዳቦ ነው።

ብቻዬን ሄድኩ፤ እሜቴ እምቢ አለች። ሐኪሙ ስባሪውን መብራት ሥር አስገብቶ ገለባበጠው።

«ዳቦው ምን ዓይነት ነበር፣ አባባ?»

«ደረቅ።»

«ደረቅ ዳቦ እንዲህ ክብ ምልክት አይተውም።»

«የዘመኑ ዳቦ ምን የማይተወው አለ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። «ስማኝ እንጂ ልጄ። ማንሻዋን የገፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ምን አደረገች?»

«የእርስዎን አውቃለሁ። እርስዎ የገፏት ስለወደዱኝ ነው» አለኝ። ሳይገላምጠኝ፣ ጄሶውን እያማሰለ። «እሷ ግን ይሄን ሁሉ ሳምንት ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ጣት ነበር የሚበቃት።»

ስባሪውን ትቼለት ወጣሁ። አፌም ባዶ ነበር።

ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

ክበቡ አልተሰበሰበም፤ ለንግግሩ ይዘጋጃሉ። ወንበሮቹን ሳላስብ አውጥቼ ወልውያቸዋለሁ። መልሼ አስገባኋቸው። ሳሎን ያለ ሰው ሲታይ ለካ ሰፊ ነው።

ከሰዓት በኋላ እሜቴ ሳሎን ገብታ በሩን ዘጋች። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ሸክላዋን አጫወተች። በትክክለኛው። ሴትዮዋ ከጉድጓድ ወጥታ እንደ ወፍ ተንጫጫች። ጫማዬን በእጄ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አለቀ፤ ደግማ አስነሳችው። በሦስተኛው አብራ ዘፈነች፤ ውኃ ሳይከፈት።

ልግባ አልኩና ተውኩት። የምናገረው ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይወጣብኛል። ይህ አፍ ሌላ ነገር አልለመደም።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ ሳይበርድ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጥልቁ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ ከማሽኔ ጋር መድረኩ ጎን ላይ ተጎልቻለሁ። እሜቴ የፊት ረድፍ ላይ፣ ጥፍሯን እየበላች። ሐኪሙ የለም። ከዚያ ግን የኋላው በር ተከፈተና የበሩን ጉበን ላለመግጨት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሻንጣውን አስቀድሞ አውቶቡሱ ላይ ጭኖታል። ሸክላዋን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ጥልቁ ተናገረ። ምን ልበል፤ አሳመረው። ብቸኛው ዘፋኝ፣ የቀዘቀዘው ሻይ፣ የማይመጣው እንግዳ። አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን አበሰች። አዎንታ ነቀነቀ። «አሁን እንስማው» አለና ወደኔ ዞረ።

እጄን ወደ ማንሻዋ ሰደድኩ። ግራ ላይ ናት። መግፋት እችል ነበር፤ ሐኪሙ አንድ ጣት ነው ብሎኛል። ግን የኔ ጣት አልነበረም የጎደለው። እጄን አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«አባባ?» አለ ጥልቁ።

«ጣቴን ቁርጥማት ያዘኝ» አልኩ። «ልጄ ታግዘኝ።»

እሜቴ አየችኝ። ወደ ኋላ ዞራ ደግሞ ግድግዳው ዘንድ ያለውን አየች። ተነሳች። ወደ ማሽኑ ስትመጣ ተረከዟ ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። ማንሻዋን ወደ ቀኝ ገፋቻት፤ ቀጭ። መርፌውንም ራሷ አስቀመጠችው።

ቶሎ ና! ቶሎ ና! ሻዩ ቀዘቀዘ! አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ገባ። ክራሩ ይዘላል፤ ከበሮው ይስቃል። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ተያዩ። ጥልቁ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። እሜቴ ድምፅ ማጉያውን ከፊቱ ወሰደች። ሰው ስታዝ የኖረች ልጅ ናት።

«ዘፈኑ ይሄ ነው» አለች። «ከመጀመሪያው ነው ያወቅሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።» ወደ ኋላው ግድግዳ ዞረች። «ደግሞም ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ፊልሙን ልናይ ነው የገባነው። እሱ ሲያለቅስ እኔም አልቅሻለሁ። ከሱ በላይ።»

ሕዝቡ ስለ የትኛው ዝናብ እንደምታወራ አልገባውም። ሊገባው የሚገባው ሰው ግን ገብቶታል።

ከዚያ ማን ተነስቶ ቢዘፍን ጥሩ ነው? ተራነሽ። ከተቀመጠችበት፣ ሁለተኛውን ስንኝ፣ ቃል ሳትስት። እናቷ ልብስ ስትተኩስ ትዘፍነው ነበር አለችን በኋላ፤ ያን ቀን ሳሎን ውስጥ በመጀመሪያው ስንኝ አውቃው ኖሯል። ሌላው ዝም ሲል ዝም አለች። የኋላው ረድፍ ያሉ እኩዮቼ ተቀበሏት። አዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘፈኑ ምት።

ሐኪሙ በመሐል መንገዱ መጣ። ማሽኑ ጋ ሲደርስ ዘፈኑ አለቀ።

«ሸክላዬን» አለኝ። እኔን ይበል እንጂ የሚያየው እሷን ነው።

«ገና አላለቀም» አልኩት። «የጀርባው አለ።»

«አውቶቡሱ ይሄድብሃል» አለችው እሜቴ።

«ሻንጣዬ ቦታ ይዟል» አላት። «እሱ ይሂድ።»

እጁን ያዘችው። በትክክለኛው ፍጥነት። ጀርባውን አጫወትኩ፤ ከፊቱ የባሰ ጣፋጭ ነበር።

ነሐሴ 1

ሻንጣው ባሕር ዳርቻ ደርሶ እየተመለሰ ነው ተባለ። ሐኪሙ እስኪመጣለት የኔን ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ያልቃል። ለክሊኒኩ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሏል። ዛሬ ጥርሴን ሲገጥምልኝ ከመሰርሰሪያው በላይ ዘፈነ። የጎረቤት ቢሮ ሰው ግድግዳ ደበደበ። ደስ ሲል።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ወንበር አነሰ! የኩሽናዋን በርጩማ ሁሉ አወጣሁ። ተራነሽ ከእናቷ ቁም ሣጥን አንድ ክምር ሸክላ ተሸክማ መጣች። ነርሷን ራሷ እሜቴ ደውላ ይቅርታ ጠይቃ አስመጣቻት፤ የሙዝ ልጣጩ ፊልም እንደገና ታየ፤ እንደገና ከወንበሬ ወደቅሁ። ሐኪሙ አነሳኝ፤ እሱ ራሱ እንባው እየወረደ ነበር። ለሳቁም ያለቅሳል ሰውየው።

ጥልቁ ዘግይቶ መጣ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለውም፤ እኔ ግን ምላሴ ላይ አንድ አሥራ አምስት ቀልድ ተሰልፎ ነበር። ሌሎቹ ፍራፍሬ ሊቆርጡ ኩሽና ሲገቡ ወንበሩን ወደኔ ሳበ።

«አባባ» አለኝ፣ ዝቅ ብሎ። «በዝግታው አንዴ ያጫውቱልኝ ይሆን?»

«በዝግታው?»

«እሱን ነው የወደድኩት። የእውነቴን ነው።»

አየሁት። አገጩ አልተነሳም። ማንሻዋን ወደ ግራ ገፋሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አሥራ አምስቱንም ቀልድ ዋጥኳቸው፤ ሆዴን እስካሁን ይነፋኛል። እሜቴና ሐኪሙ በሩ ላይ ሆነው ዝም ብለው አዳመጡ። እሜቴ፣ «እንዲህም ያምራል» አለች። ሰው ፊት ሲሉትም ያምራል።

ደብተሩ ሊያልቅ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቤን ላወራርድ። እዚህ ላይ የጻፍኩት ሁሉ የሆነ ነው፤ ከአንድ ነገር በቀር። ጥርሴን የሰበረው የዳቦ ቅርፊት አይደለም። የሰዓት መጠገኛ መዶሻዬ ናት፤ ትንሿ፣ እጀታዋ የተጠቀለለው። እነዚያ ልጆች ተኳርፈው በረንዳው ባዶ ሲሆን ሌላ ብልሃት አልመጣልኝም። መጀመሪያ ስመታው እምቢ አለኝ፤ ደገምኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሐኪሙ አዲሱን ሲገጥምልኝ፣ «ይሄኛውን መዶሻም አይሰብረው፣ አባባ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም አልኩት።

ዳቦው ግን ንጹሕ ነው። እሜቴ በዚያው ጠዋት ያመጣችው ነበር፤ እንደ ጥጥ የለሰለሰ።